የሳሙና አብሳዩ ምላስና የእኔ ጠርሙስ

ላቦራቶሪ ብለው የሰጡኝ ክፍል ቁመቱ አራት እርምጃ፣ ወርዱ ሦስት ነበር። ጣራው ቆርቆሮ ነው። አንዱን ግድግዳ ሳሙናው ከሚበስልበት አዳራሽ ጋር እንጋራዋለን፤ ከግድግዳው ወዲያ ትልቁ ጎላ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ እኔን ከወዲህ ጀርባዬን ያነደኛል። መስኮት አንዲት ነበረች። እሷንም ሙሴው፣ ነፋስ ገብቶ ሚዛኑን እንዳያወዛውዘው ብሎ በሚስማር አስመትቷታል። በድሬዳዋ የግንቦት ፀሐይ፣ በቆርቆሮ ስር፣ በተቸነከረ መስኮት ውስጥ ስምንት ሰዓት መቀመጥ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት አልደክምም። ያላየ ሰው አጋነንክ ይለኛል፣ ያየ ደግሞ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ሃምሳዎቹ ሲጀምሩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፈረንሳይኛ ተምሬ፣ ጥቂት ኬሚስትሪ ቀማምሼ ከትምህርት ቤት በወጣሁ በወሩ ሙሴው ቀጠረኝ። በእኛ ከተማ ነጭ ሁሉ ሙሴ ነው፤ የእኛው ሙሴ የሳሙና ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነበር። ቀጭን፣ ሁልጊዜ የተቆጣ የሚመስል፣ ሲቆጣ ግን ድምፁን የማያሰማ ሰው። በቀጠረኝ ዕለት የትምህርት ማስረጃዬን አገላብጦ አየና «ይህ እኔ ዘንድ ይቀመጥ፣ እንዳይጠፋብህ» ብሎ ከጠረጴዛው ስር ባለው የብረት ሣጥን ቆለፈበት። እኔ ሞኙ አመሰገንኩት። ከሁለት ወር በኋላ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ ተገኝቶልኝ ማስረጃዬን ስጠይቀው፣ «ሥራውን ለሌላ ሰው ሳታስተምር ወዴት?» አለኝ። የማስተምረውን ሰው ደግሞ አልቀጠረም። እናቴና ሁለት እህቶቼ የሚያድሩት በእኔ ደመወዝ ነው፤ ወረቀቱን ጥዬ ልሂድ ብል የትም አልደርስም። የዚያን ሣጥን ክዳን ድምፅ ዛሬም እጠላዋለሁ።

በዚህ ላይ ተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ሙሴው ከአማርኛ የሚያውቀው «ቶሎ»፣ «ነገ»፣ «ሌባ» እና እስከ አስር ያሉትን ቁጥሮች ነው። ሠራተኛው እርስ በርሱ ሲያወራ ከኦሮምኛ ወደ ሶማሊኛ፣ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ ይዘላል፤ ከሙሴው ጋር ጉዳይ ሲኖረው ግን ወደ እኔ ክፍል ይመጣል። ስለዚህ የፈቃድ ልመናው፣ ስድቡ፣ ቁጣው ሁሉ በእኔ አፍ ነው የሚያልፈው።

ዋናው ሥራዬ ከባድ አልነበረም። ሳሙና ከሞራና ከዘይት ይሠራል፤ ሞራውን ሳሙና የሚያደርገው ግን ኮስቲክ ሶዳ በውሃ ሟሙቶ ሲጨመርበት ነው። የሶዳው ውሃ ከበረታ ሳሙናው እጅ ይልጣል፣ ከደከመ ሞራው ሞራ እንደሆነ ይቀራል። በየጠዋቱ ከሶዳው በርሜል በብርጭቆ ያመጡልኛል። ሮዝ የሚያደርገውን ጠብታ እጨምርበትና መስመር ከተሰመረበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ አሲድ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። ሮዙ የጠፋ ጊዜ አቁሜ ስንት መስመር አሲድ እንደፈጀ አነባለሁ። ብዙ አሲድ ከፈጀ ሶዳው ብርቱ ነው፤ ጥቂት ከፈጀ ደካማ። ልኩ ሃያ ሁለት መስመር ነበር። ካለፈ «ውሃ ጨምሩ»፣ ካነሰ «ሶዳ ጨምሩ» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለአብሳዩ እልካለሁ።

አብሳዩ ስድሳን የተጠጋ ሶማሌ ነበር፣ ቤቱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ሰፈር። እኔ «አደር» እለዋለሁ፣ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። እሱ ሲቀልድብኝ «መዓሊም» ይለኛል፣ አስተማሪው ማለቱ ነው። እኔም ሆንኩ ሙሴው ከመምጣታችን በፊት ሳሙና ያበስል ነበር፣ መለኪያውም ምላሱ ነበር። የትንሽ ጣቱን ጫፍ የሶዳውን ውሃ ያስነካና ምላሱ ላይ አሳርፎ ወዲያው ይተፋዋል። ፊቱን ጭምድድ ካደረገ በርትቷል፤ ቅንድቡን ብቻ ካነሳ ልኩ ነው፤ ምንም ካላለው ደክሟል። ከብዛቱ የተነሣ የምላሱ ጫፍ ገርጥቶ ነበር፣ ሲስቅ ይታያል። ሙሴው ይህን ነገር አረመኔነት ነው ይለዋል። እኔም የተማርኩ ነኝና በሆዴ እስቅበት ነበር።

እስከ ሦስተኛው ወር መጨረሻ አሲዱን የሚያዘጋጀው ራሱ ሙሴው ነበር። በየሁለት ቀኑ የተሞላ ጠርሙስ ያመጣና ያለፈውን ይወስዳል። በአራተኛው ወር ሰለቸውና «ከዛሬ ጀምሮ አንተ» አለኝ። ከመጋዘኑ ብርቱውን አሲድ ለክቶ ሰጠኝ። አንድ እጅ አሲድ ከዘጠኝ እጅ የተጣራ ውሃ ጋር፣ አሲዱን በቀስታ ወደ ውሃው እያፈሰስኩ፣ አንድ ሊትር ሞላሁ። ጠርሙሱ ላይ «አንድ ለአስር» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩበት። ለእናቴ ሳይቀር አውርቼላታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና አለፉ። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሳሙናው ነገር መጣበት። ከጣውላው ቅርጽ ሲወጣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሳሙና ጎኑ ሰፋ፤ በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል። በሁለተኛው ሳምንት ጭራሽ ሊጥ ሆነ። ወደ መልካ ጀብዱ የሄደ አንድ ጋሪ ሙሉ ሳሙና እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ተመለሰ። የሶዳው ውሃ ደግሞ በእኔ ልኬት በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ እየበረታ ይገኝ ነበር፤ ሃያ ሦስት ይሆናል፣ ውሃ አስጨምሬ ወደ ሃያ ሁለት አወርደዋለሁ፣ በማግስቱ እንደገና ሃያ ሦስት። ሙሴው «ሙቀቱ ውሃውን እየጠጣው ነው» አለኝ፣ እኔም አመንኩ።

ረቡዕ ዕለት አብሳዩ ራሱ ብርጭቆውን ይዞ መጣ። ሌላ ጊዜ ሰው ነው የሚልከው።

«መዓሊም፣ ይህ ሶዳ አይደለም፣ ውሃ ነው» አለኝ። «ወላሂ ምላሴን አልነካውም።»

ለካሁት። ሃያ ሦስት። «በርትቷል አደር። ውሃ ጨምርበት።»

«ቱቦህ ታሞ ይሆናል።»

«ቱቦ አይታመምም አደር። የሚታመመው ምላስ ነው።»

በሩ ላይ የቆሙት ሳቁ፣ እኔም ስለሳቁልኝ ደስ አለኝ። እሱ አልሳቀም። ወረቀቴን ተቀብሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። በግድግዳው በኩል ውሃውን በርሜሉ ውስጥ ሲገለብጥ ሰማሁት። ምላሱ አይሆንም እያለው እጁ የእኔን ፊርማ ታዘዘ።

ሙሴው የሁለት ሳምንት ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሁሉም በሃያ ሁለት ያበቃል። እንግዲህ ሶዳው ሲለካ ልክ ነው፣ ሳሙናው ውስጥ ግን የለም፤ ታዲያ በመካከል ወዴት ሄደ? ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ፋቂውም፣ በጓሮው ሳሙና የሚቀቅለውም የሚፈልገው ነገር ነበር። ሙሴው ብዙ አልተጨነቀም። አንድ ሰው ከልኬቱ በኋላ ሶዳውን እየቀዳ፣ በምትኩ ውሃ እየሞላ ያወጣዋል፤ ከበርሜሉ እስከ ጎላው ባልዲ የሚይዘው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኛውን በሙሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበና በጣቱ እያሳየው «ሌባ!» አለው፣ በአማርኛ። የቀረውን በፈረንሳይኛ ተናገረ፣ እኔ ተረጎምኩ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታግደሃል፣ ከበሩ ወዲህ እንዳትገባ።

አብሳዩ ሙሴውን አላየውም። እኔን ነው ያየኝ።

«መዓሊም፣ ያንተ ወረቀት ነው እንዲህ ያለው?»

«አዎ አደር።»

ያን ጊዜ ገና አላወቅኩም ነበር። ቢያንስ ያቺን «አዎ» በቅንነት ነው ያልኳት፤ ከዚያ በኋላ ስለተናገርኩት ግን እንዲህ ማለት አልችልም።

እሑድን ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ፤ ግን «ቱቦህ ታሞ ይሆናል» ያለው ነገር አልለቅ አለኝ። ሰኞ ጠዋት፣ እሱ መሳሳቱን ለራሴ ለማረጋገጥ ብዬ፣ ከተረፈኝ ብርቱ አሲድ አዲስ ጠርሙስ አዘጋጀሁ። ከበርሜሉ የመጣውን አንዱኑ የሶዳ ውሃ ለሁለት ከፈልኩት። አንዱን በአሮጌው ጠርሙስ ለካሁ፤ ሃያ ሦስት። ሌላውን በአዲሱ ለካሁ። ሮዙ በአስራ ሁለት መስመር ጠፋ።

ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምኩት። አስራ ሁለት። ለሦስተኛ ጊዜ ቱቦውን አጥቤ ለካሁ። አስራ ሁለት። ሁለቱም ጠርሙሶች ላይ በእኔው እጅ «አንድ ለአስር» ተብሎ ተጽፏል። አሮጌው ግን አንድ ለአስር አልነበረም፤ አሲዱ በግማሽ ያህል ቀጥኖ ነበር። የደከመ አሲድ ሶዳውን ለማሸነፍ ብዙ ጠብታ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ የጠብታውን ብዛት አይቼ ሶዳው በረታ እል ነበር። አሲዱ በደከመ ቁጥር ሶዳውን በውሃ ሳደክም ሁለት ሳምንት ከረምኩ።

ጠርሙሱን ማን አቀጠነው? ለመጠየቅም አፍሬ ነበር፣ መልሱን እጄ ያውቀዋልና። የቤታችን ውሃ በበርሜል ነው የሚቀመጠው፤ ቧንቧው በሰዓት ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም አይመጣም። በእናቴ ቤት አንድ ጣሳ የቀዳ አንድ ጣሳ ይሞላል። አጉድሎ መሄድ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው መናቅ ነው፤ በዚህ ጉዳይ በልጅነቴ ብዙ ጊዜ ተቆንጥጫለሁ። እኔም በየቀኑ ሥራዬን ስጨርስ፣ ለቱቦው የቀዳሁትን ሃምሳ ሚሊ ሊትር ከተጣራው ውሃ ወደ ጠርሙሱ እመልስ ነበር፣ እስከ አንገቱ መስመር ድረስ፣ ሳላጎድል፣ ሳላስተርፍ። አስቤ አይደለም። ስወጣ በሩን እንደምዘጋው ነበር የማደርገው። ሙሴው ጠርሙሱን በየሁለት ቀኑ ሲቀይረው ጉዳቱ አይታወቅም ነበር። ጠርሙሱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ሙሉ ስለሆነም አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩትም።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በወረቀት አሰላሁት። ከመቶው አምስት ቀዳሁ፣ አምስት ውሃ መለስኩ፤ ዘጠና አምስት አሲድ ቀረ። በማግስቱ የቀዳሁት ከዘጠና አምስቱ አንድ ሃያኛውን ነው፤ ዘጠና ከሩብ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሰማንያ ስድስት ገደማ። አስራ ሁለት የሥራ ቀን ስሞላ ሃምሳ አራት። አንድ ለአስር የቀጠነን ነገር እንደገና አንድ ለአስር ብታቀጥነው አንድ ለመቶ ይሆናል እንጂ አንድ ለሃያ አይሆንም፤ ማቅጠን ይባዛል እንጂ አይደመርም። ይህን ጥያቄ ለፈተና ሠርቼ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ማስረጃዬ ሙሴው ሣጥን ውስጥ ነው፣ ይመሰክራል።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ከሙሴው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሮጌውን ጠርሙስ ፍሳሹ ውስጥ ደፋሁት። ከዚያ በአዲሱ ጠርሙስ የለካሁትን አስራ ሁለት ጻፍኩና «ሶዳ ጨምሩ» ብዬ ወረቀቱን ላክሁ። በልቤ፣ መጀመሪያ ሳሙናው ይስተካከል፣ ከዚያ እናገራለሁ አልኩ። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ሳሙናው ተስተካከለ። በሦስተኛው ቀን ከጣውላው ሲወጣ ጠርዙ እንደ ድንጋይ ነበር። ሙሴው አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ጫረው፣ ከዚያም እየሳቀ ወደ እኔ ክፍል መጣ፤ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «አየህ?» አለኝ። «ሰውየው ከሄደ በኋላ የመጀመሪያው ልኬት አስራ ሁለት። የሞላበትን ውሃ እጅ ከፍንጅ ያዝክልኝ። ጥሩ ሠርተሃል።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ።

ወንበሬ ላይ ውሃ ሆንኩ። ስህተቴን በድብቅ ማረሜ ነው ሰውየው ላይ ያስፈረደበት። ከዚያ በፊት ጥርጣሬ ነበር፤ አሁን ማስረጃ ሆነ፣ ከስሩ የእኔ ፊርማ ያለበት። ብናገር አሮጌውን ጠርሙስ ደፍቼዋለሁ፣ የማሳየው የለኝም። ዝም ብል ሰውየው ሌባ ነው። ያን ቀን የተቸነከረውን መስኮት በመዳፌ ስገፋው እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ሚስማሩ እንደማይነቀል እያወቅኩ።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ደቻቱ ድልድይ ላይ አገኘሁት። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ላይ ፍየሎች ይተራመሱ ነበር። መንገድ ለውጬ ልሸሽ አሰብኩ፣ እሱ ግን ቀድሞ አየኝና ቆመ።

«ወርያ፣ ሳሙናው ቆመ አሉ?»

«ቆመ አደር።»

«አልሐምዱሊላህ።» እውነቱን ነበር፤ ለሳሙናው ከልቡ ደስ አለው። ከዚያ ወደ አሸዋው እያየ ቀጠለ። «የልጄ ኒካህ ከረመዳን በፊት ነበር። የሙሽራው አባት ትናንት ሰው ላከ። ይቆየን አለ። ምክንያቱን አልተናገረም፣ ጨዋ ሰው ነው። እኔም አልጠየቅኩም። መዓሊም፣ እኔ እንጀራ ሌላ ቦታም አገኛለሁ። ሌባ የሚለውን ግን ምን አድርጌ ላወልቀው?»

አንጀቴን በላው። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን «አላህ ያውቃል አደር» የሚል ብቻ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ አልኩት። እሱም «እሱማ ያውቃል» ብሎኝ ወደ መጋላ ተሻገረ።

ዓርብ ጠዋት ሙሴው ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት። እንዳሰብኩት አላመነኝም። «አዘንክለት። ወይም ዘመዶቹ አስፈራሩህ» አለኝ። ስለዚህ ትክክለኛ አሲድ የሞላባቸው ሁለት ጠርሙሶች አስመጥቼ አንዱን ፊቱ እያቀጠንኩ አሳየሁት፤ ቀዳሁ፣ ሞላሁ፣ ቀዳሁ፣ ሞላሁ፣ አስራ ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ አንዱኑ ሶዳ በሁለቱም ጠርሙስ ለካሁለት። ሃያ ሁለት፣ አርባ አንድ። ሙሴው ሞኝ አልነበረም። ሁለቱን ቁጥሮች አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«በሰው ሁሉ ፊት ሌባ ብዬዋለሁ» አለኝ በመጨረሻ።

«አዎ ሙሴ።»

«የእኔ ላቦራቶሪ ተሳስቶ የሽማግሌ ምላስ ትክክል ነበር ብዬ ልናገር? ከዚያ በኋላ ማን ወረቀት ይታዘዛል?» እንደ ልማዱ ድምፁን አላነሳም። «ነገ ጠዋት አስጠራዋለሁ። ሰርቋል፣ ግን ሽማግሌ ነውና ምሬዋለሁ እላለሁ። ወደ ሥራው ይመለሳል። አንተም ሥራህ ላይ ትቆያለህ። እውነቱን ከተናገርክ ግን እሱም አይመለስም፣ አንተም ያለ ማስረጃህ ትወጣለህ።»

ሣጥኑን በእግሩ ነካ አደረገው። ያን እንኳ ባያደርግ ገብቶኝ ነበር።

ቅዳሜ ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ፣ ልክ ያኔ በተሰበሰበበት ቦታ። አብሳዩ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቆ፣ ጢሙን ተስተካክሎ፣ የሥራ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። እስከ በሩ የሸኘው የወንድሙ ልጅ ውጭ ቀረ። ሙሴው በፈረንሳይኛ ጀመረ። «ይህ ሰው ሰርቋል። ነገር ግን አርጅቷል፣ ልቤ ራርቶለታል። ምሬዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሥራውን ይቀጥል።» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

አማርኛ ብናገር ቃል ሊለቅም ይችላል። ኦሮምኛ ግን አንዲት አያውቅም፣ ግቢው ውስጥ ያለው ሠራተኛ ደግሞ አብሳዩን ጨምሮ ሁሉም ያውቃል። በኦሮምኛ ጀመርኩ። ሶዳ የሰረቀ የለም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የአሲዱን ጠርሙስ ውሃ እየሞላሁ አበላሸሁት፣ የአደር ምላስ ትክክል ነበረ፣ እሱ ንጹሕ ሰው ነው። ላቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነበር፣ ግን ከስንት ቀን በኋላ አየር ሳብኩ።

ግቢው አጉረመረመ። ከኋላ ከሳሙና ጠቅላዮቹ አንዷ እልል አለች፣ ሌሎችም ተከተሏት። ሙሴው እልልታው ለምሕረቱ መሰለውና ባርኔጣውን አወለቀ። ሁሉ ነገር ያለቀ፣ ሁሉ ሰው የተደሰተ መሰለኝ፤ እንዲያውም ፈገግ ብዬ ነበር።

አብሳዩ ግን አልተንቀሳቀሰም። እልልታው እስኪያልቅ ጠበቀና በአማርኛ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረኝ።

«ሀዬ። ሰማሁህ መዓሊም። እነዚህም ሰሙ፣ አላህ ይስጥህ። አሁን ለሙሴ ንገረው። ሌባ ያለኝ እሱ ነው። እዚህ ቆሞ ነው ያለኝ። እዚሁ ቆሞ ሌባ አይደለህም ይበለኝ። ከዚያ ጎላዬ ጋ እገባለሁ።»

ሙሴው ያቺን ቃል ለየ። «ሌባ ሲል ሰማሁ» አለኝ። «ምን ይላል?»

ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በፈረንሳይኛ አስር ቃል አይሞላም። የመጀመሪያው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እናቴን አሰብኩ፣ እህቶቼን አሰብኩ፣ ወረቀቴን አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ በፊት ያሰብኩት ራሴን ነው፤ ሌሎቹን ከዚያ በኋላ ነው የደረደርኳቸው።

«ሌባ ያልከኝን ረስቼዋለሁ፣ መርሲ ሙሴ፣ ይላል» አልኩት።

አብሳዩ ፈረንሳይኛ አይችልም። «አመሰግናለሁ» ማለት የሆነችውን መርሲን ግን በድሬዳዋ የማያውቅ የለም፤ ጋሪ ነጂው ያውቃታል፣ ሎሚ ሻጯ ታውቃታለች፣ የባቡር ተሸካሚው ሳንቲም ሲቀበል ይላታል። ከአፌ ስትወጣ ሰማት። ፊቴን ትንሽ ጊዜ አየው፣ ሶዳውን ቀምሶ ምንም ሳይለው ሲቀር እንደሚያየው ዓይነት።   ትከሻው ላይ የነበረውን የሥራ ካፖርት አወረደና በጥንቃቄ አጣጥፎ ግቢው ውስጥ በቆመ በርሜል ክዳን ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በሠራተኛው መካከል አልፎ ወደ በሩ ሄደ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት።

ሙሴው ግራ ተጋባ። ባርኔጣው በእጁ እንዳለ ነበር።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለኝ።

«ወደ ቤቱ» አልኩት። በዚያ ጠዋት ለሙሴው በትክክል የተረጎምኩለት ያቺን ብቻ ነው።